ከኢቤይ ጨረታ ላፕቶፕ ስገዛ ምን ልጠይቅ?

የፒያሳው፦ ያገለገለ ቲንክፓድ (የሌኖቮ ላፕቶፕ) ጨረታ ላይ አይቻለሁ፤ ፒያሳ ሱቆች ከሚጠሩት ዋጋ በጣም ይረክሳል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ተቀብላ በሰው ትልክልኛለች። ሻጩን ምን ልጠይቀው?

ባለሙያው፦ «ለመለዋወጫ» ከተባለ እለፈው። ከዚያ የባዮሱን ገጽ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተውን የላፕቶፑን ማስተካከያ፣ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልህ ጠይቅ። ከድርጅት የወጡ ላፕቶፖች አንዳንዴ ባዮሳቸው በሱፐርቫይዘር ፓስወርድ (ማስተካከያውን ሌላ ሰው እንዳይነካ በሚከለክል የይለፍ ቃል) እንደተቆለፈ ይቀራል። ፎርማት አያጠፋውም፣ ባትሪ መንቀልም አይፈታውም። ሌኖቮ ራሱ መፍትሔው ማዘርቦርድ መቀየር ነው ይላል፤ ያኔ ርካሹ ዕቃ ተወደደ ማለት ነው። የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርትም ይላክልህ፦ አዲስ ሳለ 50,000 ሚሊዋት-ሰዓት ይይዝ የነበረ አሁን ሞልቶ 30,000 ካለ 60 በመቶ ነው የቀረው። የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከጨረታ ጣሪያህ ላይ ቀንስ።

ሠላም፦ ዋናውን ዘለልከው እኮ! የኢቤይ ዋስትና ዕቃው እህቱ ቤት ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ አድራሻ ወደ ሌላ ቦታ ከተላከ ግን አይሸፍንም። ስለዚህ እዚያው እያለ ትፈትሸው፦ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ትጫን፣ ዩኤስቢዎቹን ሁሉ ትሞክር፣ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጋ ነጠብጣብ ትይ። ሻጩ «ከኢቤይ ውጭ ክፈለኝ፣ እቀንስልሃለሁ» ካለ ተወው፤ ዋስትናውን ታጣለህ።

ባለሙያው፦ ልክ ነሽ። ቻርጀሩ ላይም 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ትይ፤ የእኛ 220 ነው።