የአያቴ የኪስ ሰዓት፣ በግራም ልሽጣት እንዴ? (ደሴ)

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ፣ የድሮ ሰዓት የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ። እናቴ ባለፈው ሳምንት ሳጥን ስታራግፍ የአያቴን የኪስ ሰዓት አገኘቻት። አያቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፣ ከኮምቦልቻ በባቲ በሚሌ ጭነት ሲያመላልስ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። እናቴ እንደምትለው መኪናው ቢበላሽ አይደነግጥም፣ ሰዓቷ ከቆመች ግን ሰላም የለውም፣ ዙህር የሚሰግደው በሷ ነው፣ ረመዳን ሲገባ ደሞ ጎረቤቱ ሁሉ ስንት ሰዓት ሆነ እያለ ልጅ የሚልከው እሱ ጋ ነው።

ፊቷ እንደ ሲኒ ነጭ ነው፣ 4 ቁጥር አካባቢ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለቻት፣ የኩባንያ ስም የለባትም። ከኋላ ሁለት ክዳን አላት፣ የውጪው ከውስጥ በኩል ትንሽዬ ወፍ እና 0.800 የሚል ማህተም አለው፣ የውስጠኛው ላይ ደሞ በፈረንጅኛ ሬሞንትዋር፣ አንክር፣ 15 ሩቢ፣ ሜታል ምናምን ይላል። ችግሯ ስሞላት 5 ደቂቃ ሄዳ ትቆማለች፣ መሙያውን ጎትቼ ሰዓት ላስተካክል ብል ደሞ ቆጣሪዎቹ አይዞሩም። አንድ ሰዓት ሠሪ ከልክ በላይ ተሞልታ ሞላዋ ተቆልፏል አለኝ። ፒያሳ አንድ ብር ሠሪ ጋ ብወስዳት ደሞ እንዳለች ሚዛን ላይ አስቀምጦ 11 ሺህ ብር ልስጥሽ አለኝ፣ ካልሸጥሽ ደሞ አሳምሬ ወልውዬ ወርቅ ልቀባልሽ ነው የሚለው። እናቴ አንቺ እንዳልሽ ብላኛለች፣ እኔ ግን ግራ ገባኝ።

ሙጋድ ነኝ፦
እህቴ በአላህ እንዳትሸጪ!! 11 ሺህ ብር ዛሬ አንድ ወር አያቆይሽም፣ የአያትሽን ሰዓት ግን ከየት ታመጫለሽ።

ቦርከና ማዶ፦
እህቴ ሰላም ነሽ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ መካኒክ ሆኜ ነው ያረጀሁት፣ የኪስ ሰዓት መሰብሰብ ከጀመርኩ ግን 20 አመት አልፎኛል፣ የጻፍሽውን ሳነብ ሰዓቷ እጄ ላይ ያለች ነው የመሰለኝ።

መጀመሪያ መሙያውን መጎተት አቁሚ፣ ትሰብሪዋለሽ። በዛ ዘመን የተሠሩ ብዙ የስዊስ ሰዓቶች እንደ እጅ ሰዓት ተጎትተው አይስተካከሉም። ከመሙያው አጠገብ ጠርዟ ላይ የክብሪት ጫፍ የምታክል ብቅ ያለች ነገር ፈልጊ፣ እሷን በጥፍርሽ ጫን አርገሽ ይዘሽ መሙያውን ቀስ ብለሽ ስታዞሪው ቆጣሪዎቹ ይዞራሉ። ይሄን ባለማወቅ ስንት ደህና ሰዓት ተበላሽቷል።

ሁለተኛ፣ ከልክ በላይ ተሞልታ ነው የሚባለውን አትስሚ። ሞላ እስከ መጨረሻው ቢሞላ ሰዓት አያቆምም፣ ሥራው እሱ ነው። የሚያቆማት ዘይቷ ነው፣ የድሮ ዘይት ስንት አመት ሲቀመጥ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሞላው ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎማዎቹ መዞር ያቅታቸዋል። 5 ደቂቃ መሄዷ ራሱ ደስ ይላል፣ ያቺ ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዘው ጎማ ዘንጓ አልተሰበረም ማለት ነው፣ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ሲወድቅ። ስለዚ የሚያስፈልጋት ሙሉ በሙሉ ተፈትታ መታጠብና በሰዓት ዘይት መቀባት ነው፣ እስከዛ አትሙያት፣ ደርቃ ስትሄድ ራሷን ትበላለች።

አሁን ወደ ማህተሙ። ያቺ ወፍ ቆቅ የምትመስል የዱር ወፍ ናት፣ የስዊዘርላንድ መንግስት የብር ማህተም ናት፣ 0.800 ማለት ከ1000 እጅ 800ው ንጹህ ብር ነው። ይሄ ማህተም በፈረንጆች በ1880ዎቹ ነው የጀመረው ስለዚ ሰዓትሽ ከዛ ወዲህ ናት። የውስጠኛው ክዳን ላይ ሜታል የሚለው ደሞ ይሄኛው ብር አይደለም፣ ተራ ብረት ነው ሲልሽ ነው፣ ገዢ እንዳይታለል ነው የሚጻፈው። ሬሞንትዋር ያለ ቁልፍ በመሙያ የምትሞላ ማለት ነው (ከዛ በፊት የነበሩት በትንሽ ቁልፍ ነበር የሚሞሉት)፣ አንክር የማሽኑ አይነት ነው፣ ሲሊንደር ከሚባለው የተሻለ ነው፣ 15 ሩቢ ደሞ ዘንጎቹ ብረት ለብረት እንዳይፋጩ የገቡ 15 ቀይ ድንጋዮች ናቸው። ለዛ ጊዜ ደህና ማሽን ነው። እና ብር ሠሪው እንዳለች የመዘናት ማሽኑን፣ መስታወቱንና የውስጠኛውን ክዳን ጨምሮ ነው፣ ያ ሁሉ ብር አይደለም፣ ብሩን ብቻ ሊያቀልጥ ከሆነ ደሞ ማሽኑን ይጥለዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ 100 አመት የሠራ ማሽን ለጥቂት ግራም ብር ሲጣል።

መወልወልና ወርቅ መቀባት ፈጽሞ አይሆንም። መፋቂያው ማህተሙንና ቅርጹን እየበላ ነው የሚሄደው፣ ወርቅ ከተቀባች ደሞ ሰብሳቢ የሆነ ሰው አይነካትም። በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊያት፣ በቃ። ስንጥቋንም ተያት፣ ፊቷ መዳብ ላይ በእሳት የተጋገረ ኢናሜል ነው፣ ነጭነቱ ከስንት አመት በኋላም አይወይብም።

ዋጋዋን በሀቅ ልንገርሽ፣ ስም የሌላት የብር የስዊስ ሰዓት ውጪ ሀገር ብዙ አለች፣ ሀብታም አታደርግሽም። እኔ ግን ብዙ ውድ ከሆኑት ይልቅ ባለቤቱ የሚታወቅ ሰዓት ነው የምወደው፣ ያንቺ አያት መንገዱ፣ ስራው፣ ሰላቱ ሁሉ ይታወቃል። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከሰዓቷ ጋር አስቀምጪ።

ሸዋ በር፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው እኔ በራሴ ላይ ደርሶ ነው የማውቀው። ከ4 አመት በፊት ወርቅ ነው ተብዬ አንድ ሰዓት ገዛሁ፣ ውስጡን ከፍቼ ሳየው ኪዊቭር ይላል፣ እኔ የኩባንያው ስም መስሎኝ ጓደኞቼን ሁሉ ኪዊቭር አለኝ እያልኩ ነበር፣ በኋላ ስጠይቅ በፈረንሳይኛ መዳብ ማለት ነው። ከዛ ስትቆምብኝ ደሞ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አደረኩባት፣ ለ2 ቀን አሪፍ ሄደች፣ ከዛ ዘይቱ ፀጉር የምታክለዋ ሞላ ላይ ፈሶ እርስ በርሷ አጣበቃት፣ በቀን 1 ሰዓት ምናምን መቅደም ጀመረች። ሰዓት ሠሪ ጋ ስወስዳት ሁለቱን እጥፍ አስከፈለኝ። እና ዘይት በራስሽ እንዳትነኪ።

ጋሼ እኔም መሰብሰብ ልጀምር እያልኩ ነው፣ አንድ ሰው በጨለማ ያበራ የነበረ የኪስ ሰዓት ልሽጥልህ እያለኝ ነው፣ ልግዛው?

ቦርከና ማዶ፦
ወንድሜ ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ ላይ ወፍራም ቡኒ የሆነ ቀለም ካለ ራዲየም የሚባል ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ድሮ ለማብራት እሱን ነበር የሚቀቡት። አሁን አያበራም ማለት ሞቷል ማለት አይደለም፣ የራዲየም ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ እስኪቀንስ የሚወስደው ጊዜ) 1600 አመት ነው፣ ያለቀው አብሮት የሚያበራው ቀለም ነው። መስታወቱን አትክፈት፣ አትፋቀው፣ ልጆች ያሉበት ቤት አታስገባው። እኔ ብሆን አልገዛም።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ አላህ ይስጥልኝ፣ አንቱ ባይነግሩኝ ዛሬ ጠዋት ልሰጠው ነበር እኮ። ያሏትን ነገር ፈልጌ አገኘኋት፣ ቆሻሻ ሸፍኗት ነው እንጂ አለች፣ ጫን አርጌ ሳዞረው ቆጣሪዎቹ ዞሩ!! እናቴ አጠገቤ ነበረች፣ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፣ የኋላ ክዳኑ ውስጥ በመርፌ የተጫረ የሚመስል 12-4-51 የሚል ቁጥር አለ፣ ምንድነው?

ቦርከና ማዶ፦
እሱማ ሰዓት ሠሪ የጻፈው ነው፣ ድሮ ሰዓት ሲያጥቡ ክዳኑ ውስጥ ቀን ወይ ምልክት ይጭሩ ነበር፣ ተመልሳ ስትመጣ የራሳቸውን ሥራ እንዲያውቁ። በኛ አቆጣጠር ከሆነ ታህሳስ 12 ቀን 1951 ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ደሞ ወደኛ ሲመለስ ሚያዝያ 4 ቀን 1943 ይሆናል። አያትሽ መቼ ነው የአሰብን መንገድ የጀመረው? ቅዳሜ ደሴ እመጣለሁ፣ ከፈቀድሽ ሰዓቷን አያታለሁ፣ የሚያጥባትም ሰው አሳይሻለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
እናቴን ጠየኳት፣ እሷ የተወለደችው 1952 ነው፣ አያቴ መኪና የያዘው እሷ ከመወለዷ አንድ አመት በፊት ነው አለች። ቅዳሜ ቡና አፍልተን እንጠብቅዎታለን።