ቀድመው ለሚጨርሱ ተማሪዎች ምን እንጠቀም? ከከተማ ዳር ላለን መምህራን ጥቆማ

«ቲቸር ጨረስኩ!» ይህን ድምፅ የማያውቅ መምህር የለም። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳያልቅ አንዱ መልሱን ይዞ ይቆማል። ሌላው ገና ደብተሩን እየገለበጠ ነው። ፈጣኑ ልጅ የሚሠራው ሲያጣ ጎኑ ያለውን ይነካካል፣ ያወራል። «ረባሽ» ከምንላቸው ልጆች አንዳንዶቹ ሥራ ያጡ ጎበዞች ናቸው።

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ የምታስተምሩ ምን እንደሚገዛና ልጆቹ የት እንደሚላኩ ትጠይቃላችሁ። የእኔን ምርጫ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀው። ጆሴፍ ሬንዙሊ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ከሚታወቁባቸው አሠራሮች አንዱ ይህ ነው፦ ልጁ የሚያውቀውን ለይ፣ ያንን አሳልፈው፣ የተረፈውን ጊዜ ለሚከብደው ሥራ ስጠው። እኛ ጋ ቀላሉ መንገድ ከባዱን ማስቀደም ነው። ከመልመጃው በጣም ከባድ የሆኑትን 5 ጥያቄዎች ምረጡ። 4ቱን በትክክል የሠራ የቀረውን አይሠራም፤ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሃያ ጥያቄ ለጨረሰ ልጅ ሌላ ሃያ መጨመር ግን ቅጣት ነው። ልጁም ቶሎ ይገባዋል፤ በሚቀጥለው ቀን እያወቀ ይጎተታል።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን በቡድን የሚመራበትን የአንድ ለአምስት አደረጃጀትንም ላንሳ። ጎበዙ ሁልጊዜ የቡድን መሪ ነው። ማስረዳት ይጠቅመዋል፣ አልክድም። ግን ዓመቱን ሙሉ የሌሎችን ሥራ ሲሠራ እሱ ራሱ መቼ ይማራል? በሳምንት አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጣኖቹን አንድ ላይ አስቀምጧቸውና የሚያከራክራቸው ጥያቄ ስጧቸው። ያኔ ሌሎቹም መሪ የመሆን ዕድል ያገኛሉ።

ወደ ዕቃው። መርካቶ ትንንሽ ነጭ ሰሌዳ ይሸጣል፤ ለስልሳ ተማሪ ግን አይቻልም። ነጭ ወረቀት ሰፈር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት አስደርጉ። በነጭ ሰሌዳ ማርከር ይጻፍበታል፣ በጨርቅ ይጠፋል። ሁሉም መልሱን ጽፎ ከፍ ሲያደርግ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደቸገረው በአንድ እይታ ታውቃላችሁ። ለሁለት ተማሪ አንድ ይበቃል።

ከሁሉም የምወደው ገበጣ ነው። የእንቁላል ካርቶን 30 ጉድጓድ አለው። ስድስት ስድስት ያላቸውን ሦስት ረድፎች ቁረጡ፤ 18 ጉድጓድ ሆነ። በየጉድጓዱ 3 ሽምብራ አድርጉ። ለሁሉም የሚሆነው ጥያቄ፦ ስንት ሽምብራ አለ? ትንሽ ከፍ ሲል፦ በየጉድጓዱ አንድ ቢጨመር ድምሩ በስንት ያድጋል? ለፈጣኖቹ ደግሞ፦ 18ቱን ጉድጓዶች እየዞርን አንድ አንድ ብናድል፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ከተነሳንበት ጉድጓድ እንድታርፍ ስንት ፍሬ እንያዝ? 40 ብንይዝስ የት ታርፋለች? ልጁ መጀመሪያ በእጁ ያድላል። ቀጥሎ ማደሉን ይተውና 40ን ለ18 አካፍሎ ቀሪውን 4 ይዞ ይመጣል። ዕቃው አንድ ነው፣ ርዕሱ አንድ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ይለያያል። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ያህል የሚያገለግል ነገር አላየሁም።

ላፕቶፕ ካላችሁ ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ኮሊብሪ የተባለውን የትምህርት ፕሮግራም እመርጣለሁ። ትምህርቱን ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንዴ ትጭናላችሁ። ከዚያ ያለ ኢንተርኔት አንዱ ላፕቶፕ ለሌሎቹ ያካፍላል። ለፊዚክስ ፌት የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ላይ ሙከራ አለ። ልጁ ባትሪና አምፖል ራሱ እያገናኘ ይሞክራል፤ ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ከግቢ ውጭስ? የኮንዶሚኒየም ሰፈር ማስጠኛ ማዕከላት በዝተዋል። ከመላካችሁ በፊት የሚያስጠኑትን ደብተር እዩ። እኔ ያየሁት አንዱ ፈጣን ልጆችን የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ ያስገለብጣቸዋል። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ክፍል ውስጥ የበለጠ ይሰለቻል። ለዚያ ከሚከፈለው ለታክሲ ከፍሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መውሰድ ይሻላል። በ2014 የተከፈተ ነው፣ አራት ኪሎ። ከየካ አባዶ እስከ አያት ታክሲ፣ እስከ መገናኛ ባቡር፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ልጆቹ የሚፈልጉትን ጥያቄ ጽፈው ይሂዱ።

ኮዲንግ ለሚወዱት በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛና ዳታ ይጠይቃል፤ ለትንንሾቹ አልመክረውም። ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በክረምት ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) የሚያካሂደው የሳይበር ታለንት ሥልጠና ይሻላል። እዚያ ግን ውድድር አለ። ልጁ የሠራውን ነገር በእጁ ይዞ እንዲቀርብ ከአሁኑ አግዙት። ቡራዩ ያላችሁ ደግሞ የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ኢንስቲትዩቱ ደጃችሁ ስለሆነ ለትምህርት ቤት ጉብኝት ደብዳቤ ይዛችሁ ጠይቁ።

ሰበታና ሱሉልታ በኩል ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ለልጆቹ የሚሆን ቦታ ካለ ጨምሩበት። በተለይ ከአራተኛ ክፍል በታች ላሉት።