«ስብርብር ያለ ሂንዲ» ብሎ ነገር

የዴንሃጉ፦
ትናንት እዚህ ሆላንድ፣ ዴንሃግ (ሄግ)፣ ሮቲ ቤት ተሰልፌያለሁ፤ ሮቲ የሕንዶች ቂጣ ነው። ባለቤቷ የሱሪናም ሂንዱስታኒ ናቸው፣ ማለትም ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው የቀድሞ የደች ቅኝ ግዛት የሄዱ ሕንዳውያን ዘር፤ ለልጃቸው በቋንቋቸው በሳርናሚ ይጮሃሉ፤ ለደንበኛው በደች ይመልሳሉ። ከፊቴ የቆመው ለሥራ የመጣ ሕንዳዊ ዞር ብሎ በእንግሊዝኛ «ስብርብር ያለ ሂንዲ ነው» አለኝ። ሴትዮዋ ሰምተዋል። ዝም ብለው ሮቲውን ጠቅልለው ሰጡት። እስካሁን አልበረደልኝም።

ታዛቢ፦
ሰውየው ምን አጠፋ? ሂንዲ ለሚያውቅ ጆሮ እንደዚያ ነው የሚሰማው። ደች ገብቶበታል፣ የሱሪናም ክሪዮል (የእዚያው ቅይጥ ቋንቋ) ገብቶበታል። ስብርብር ብሏል።

የሮተርዳሟ፦
ጆሮውን ይታከም። ሳርናሚ እኮ ከሂንዲ አልወጣም። ሰዎቹ በብዛት የሄዱት ከቢሃርና ከዛሬው ኡታር ፕራዴሽ ነው፤ አፋቸው ቦጅፑሪና አዋዲ ነው። ላላ ሩክ የምትባለው መርከብ በ1873 እ.ኤ.አ. ከካልካታ ሱሪናም ስትደርስ የዛሬው የትምህርት ቤት ሂንዲ ገና ቅርጽ እየያዘ ነበር። ያልነበረ ነገር ይሰበራል እንዴ?

ታዛቢ፦
«ያልነበረ»? የደቹ የምሥራቅ ሕንድ ንግድ ኩባንያ ሰው ኬተላር በ1698 የሂንዱስታኒ (የሂንዲና የኡርዱ መሠረት የሆነው ቋንቋ) ሰዋስው ጽፏል፣ ያውም በደች!

የሮተርዳሟ፦
እሱ ለንግድና ለቢሮ ሰው ነው። የቢሃር ገበሬ በዚያ አያወራም። አትቀላቅል።

በርበሬ፦
ረጋ በሉ። ሂንደሎፐን በምትባለው የሆላንድ ከተማ የሴቶች ባህላዊ ልብስ ላይ የምታዩት አበባማ ጥጥ «ሲትስ» ይባላል፤ ጨርቁም ቃሉም ከሕንድ ነው። ደቾች ደግሞ በ1663 የደቡብ ሕንዷን ወደብ ኮቺንን ይዘው ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀመጡ ለአገሬው ቋንቋ ለማላያላም ምን ትተው ሄዱ? «ካኩስ»። ሽንት ቤት ማለት ነው ሃሃሃ

ታዛቢ፦
ውርስ ማለት ይሄ ነው።

የዴንሃጉ፦
ቀልዱን ተዉትና፣ እኔን የሚያበሽቀኝ «ስብርብር» የሚለው ቃል ነው። ባርነት ሲቀር ለሸንኮራ እርሻው እጅ ጠፋ። ከ34,000 በላይ ሕንዳውያን በአምስት ዓመት ኮንትራት በመርከብ ተጫኑ። ደላላው ሱሪናምን «ስሪ ራም» እያለ፣ የአምላካቸው የራማ አገር ነው ብሎ አታሏቸዋል ይባላል። ደላላና ኮንትራት ለእኛ ይነገረናል? ቤሩት የሄደች ዘመድ የሌለው ማን አለ? በ1975 ሱሪናም ነፃ ስትወጣ፣ በዚያው ሰሞን ብዙ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ሻንጣ አንስተው ሆላንድ ገቡ። ሁለቴ ተሰዶ ያልጠፋ ቋንቋ ነው።

ታዛቢ፦
ሐዘኑ ይገባኛል፤ ሰዋስው ግን በሐዘን አይቃናም። ልጆችህ ብስክሌትን በደች «ፊትስ» ብለው «አባዬ፣ ፊትሴ ተሰረቀ» ሲሉህ አዲስ ቋንቋ ተወለደ ብለህ እልል ትላለህ ወይስ ታርማለህ?

የዴንሃጉ፦
ልጆቼን ምን አመጣቸው?

የሮተርዳሟ፦
ልጅ እቤቱ ይታረማል። ትልቅ ሴትዮ በገዛ ሱቃቸው፣ ሰልፍ ፊት አይታረሙም። ለነገሩ ሳርናሚ ከ1986 ጀምሮ በላቲን ፊደል የራሱ አጻጻፍ አለው፤ ግጥም ተጽፎበታል።

ጋሼ ሰሎሞን፦
ልጆች፣ ከእነሱ ጋር ደጃፍ ለደጃፍ ብዙ ኖሬያለሁ። ጎረቤቴ ራሳቸው «ሳርናሚ የቤት ነው፣ ሂንዲ የቤተ መቅደስ ነው» ነው የሚሉኝ። ልጃቸው በሳርናሚ ስትመልስላቸው «እንደ ባላገር አታውሪ» ይሏታል።

ታዛቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! በቃ፣ ባለቤቶቹ ፈረዱ።

የሮተርዳሟ፦
ምን ፈረዱ? «ባላገር» አሉ እንጂ «ስብርብር» አላሉም። ጋሼ፣ አባባልዎን እየጠመዘዘብዎ ነው።

ታዛቢ፦
ባላገርና ስብርብር ምን ለያቸው?

የሮተርዳሟ፦
እሺ አንተ የየት ባላገር ነህ?

በርበሬ፦
ተጀመረ... ሮቲ ቤቱ የት ነው ግን?

የዴንሃጉ፦
ፖል ክሩገርላን። ዶሮ፣ ድንች፣ ረጅሙ ፎሶሊያ፣ ከላይ እንቁላል። ቅዳሜ አትሂድ፣ ሰልፉ እስከ በር ነው።

በርበሬ፦
በሹካ ነው የበላኸው?

የዴንሃጉ፦
ትሰድበኛለህ እንዴ?