በባዕድ አገር ወጣቶችን ሳገለግል ልቤ ዝሏል፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከአገሬ ርቄ በሚሲዮናዊነት ወጣቶችን በደቀ መዝሙርነት አስተምራለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ልቤ ግን ዝሏል። የሚከብደኝ ማስተማሩ አይደለም። አብሮኝ ሲጸልይና ቃሉን ሲያጠና የቆየ ልጅ ድንገት ይጠፋል፤ ስልክም አያነሳም። የላከችኝ ቤተ ክርስቲያን ሪፖርት ስትጠይቅ የመጡትን ቆጥሬ እጽፋለሁ። ስለ ጠፋው ያለቀስኩትን ግን የት ላይ ልጻፈው?

የማርቆስን ታሪክ ደጋግሜ አነባለሁ። በጵንፍልያ ከነጳውሎስ ተለይቶ ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። በኋላ ጳውሎስ ራሱ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ ጢሞቴዎስን አምጣልኝ አለው (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። በመካከሉ ግን ይዞት የሄደ በርናባስ ነበረ (ሐዋ. 15፥39)፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው መካከሉ ነው።

በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የራቀን ወጣት ሳትጫኑት እንዴት ተከታተላችሁት? ደግሞስ የእናንተን ልብ ማን አበረታ? እዚህ በቋንቋዬ አብሮኝ የሚጸልይ ሰው የለም። በየሳምንቱ በስልክ አብሮኝ ለመጸለይ ፈቃደኛ የሆነ አገልጋይ ካለም እጅግ ደስ ይለኛል።