ቼዝ መተንተኛ ኮምፒውተር፦ 16 ኮር ወይስ 6? ነገ ጠዋት ነው የምከፍለው

ፈረሰኛው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማዘርቦርዴ ተቃጠለ። ቅዳሜ ውድድር አለኝ፣ የሲሲሊያን (የጨዋታ አከፋፈት) ዝግጅቴ ግማሽ ላይ ነው። ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አግኝቻለሁ፣ ዋጋቸው እኩል ነው። አንዱ ሁለት ዚዮን ኢ5-2670 ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር ነው፣ በድምሩ 16 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል)። ሌላው ራይዘን 5 5600፣ 6 ኮር። 16ቱ አይሻልም?

የፒያሳ ልጅ፦ ዋጋው ስንት ነው? ራሙስ?

ጋሽ ቼዝ፦ ልጄ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ያሸነፈው ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ ለቼዝ ብቻ የተሠሩ 480 ቺፖች ነበሩት። ዛሬ ስልክህ ላይ ያለው የቼዝ ፕሮግራም ስቶክፊሽ ከዚያ ይበረታል። እኛ በቦርድና በመጽሐፍ ነው ያደግነው። መጀመሪያ ጨዋታህን ራስህ ተንትነው፣ ማሽኑ ይደርሳል።

ወታደር8፦ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ የስሌት መስመር) ጨምር። ስቶክፊሽ ካልነካኸው በ1 ትሬድ ብቻ ነው የሚሠራው።

ፈረሰኛው፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ቅዳሜ ደረሰ። ወታደር፣ ትሬድ የምጨምርበት ኮምፒውተር የለኝም እኮ!

ሰብለ፦ ወንድሜ ሰርቨሩን እንዳትገዛ። ስቶክፊሽ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከ12ኛው እትም ጀምሮ፣ አቋሙን የሚመዝነው በኒውራል ኔትወርክ ነው፣ ያንን ስሌት ደግሞ በደንብ የሚያፈጥነው ፕሮሰሰሩ ኤቪኤክስ2 (ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያሰላ የትእዛዝ ስብስብ) ሲኖረው ነው። ያ ዚዮን የ2012 ነው፣ ኤቪኤክስ2 የለውም። የኤቪኤክስ2ን ቅጂ ብትጭንበት ገና ስትከፍተው ይዘጋል። ራይዘኑ አለው፣ እያንዳንዱ ኮሩም በጣም ይፈጥናል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ግራፊክስ ካርድ አብሮት ከሌለ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ሻጩ ፊት አስበርተህ እይ። ከዚያ ትሬዱን 12፣ ሃሹን (ያሰላውን የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ) ከ16 ሜጋባይት ወደ 2048 አድርገው። ሌላዋን የቼዝ ፕሮግራም ሊላን የምትጠቀም ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ እሷ የምትፈልገው ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ነው።

ቡና በጨው፦ ኧረ ሰርቨሩን ይግዛ፣ ክረምት ነው፣ ቤቱን ያሞቅለታል 😂 ሁለቱ ዚዮኖች ብቻ 230 ዋት ናቸው። ራይዘኑ 65።

ወታደር8፦ እኔም ትሬድ ጨምር ነው ያልኩት።

የፒያሳ ልጅ፦ ቆይ፣ የተቃጠለው ማዘርቦርዱ ብቻ ነው? የድሮው ፕሮሰሰርህ ምን ነበር? እሱ ደህና ከሆነ ለምን ማዘርቦርድ ብቻ አትቀይርም?