መርዶ በስልክ ይነገር?

ጥያቄው፦ እናት ሞጣ አርፋለች፣ ልጅ አዲስ አበባ ነው። «እናትህ ታማለች፣ ቶሎ ድረስ» ብሎ ማስመጣት ወይስ በስልክ ማርዳት?

የእድር ጸሐፊ፣ ሞጣ፦ መርዶ በስልክ አይሆንም። ጎህ ሳይቀድ የሚረዳው ለወግ ብቻ መሰላችሁ? ያን ሰዓት ሐዘንተኛው ከቤቱ ነው፣ ጎረቤትም አልተበተነም። የንስሐ አባቱ ይናገራሉ፤ ሁለት ጠንካራ ሰው ግራና ቀኙን ይቀመጣል፣ ፊቱን እንዳይነጭ፣ ራሱን ከግድግዳ እንዳያጋጭ። ስልክ ምኑን ይይዛል?

ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ በሰዓቱም በሰዎቹም እስማማለሁ። «ታማለች» የሚለው ነው ያጣላን። ልጁ ከጎሃ ጽዮን ዓባይን እስኪወርድ ሲደውል አንዱ «ተሽሏታል» ይለዋል፣ ሌላው አያነሳም። እውነቱን የሚያውቀው ከደጅ ድንኳኑን ሲያይ ነው። ቀብሩም አልፏል። ከሐዘኑ ሌላ «ለምን ዋሻችሁኝ» ይተርፈዋል።

አስተያየት ሰጪ፣ ዳንግላ፦ ሐዘን እኮ በአምስት ደረጃ ነው፣ መጀመሪያ መካድ። «ታማለች» መለማመጃው ነው።

ነርስ፦ አምስቱን የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኩብለር ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. ስትጽፍ መነሻዋ ሞት የቀረባቸው ሕሙማን ነበሩ። ሐዘንተኛ በተራ አያልፍባቸውም።

እኔ የምለው፣ ስልኩ ለልጁ ሳይሆን አጠገቡ ላለ የአገር ልጅ ይደወል። ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ያስቀምጡት፣ «ከባድ ወሬ ይዘን መጣን» ይበሉና ወዲያው «እናትህ ሞተች» ይበሉት። «ደከመች»፣ «የለችም» ሲባል ሰው ተስፋ ይፈልግበታል። ከዚያ ዝም። ፈዞ ቢቀር ወይ «ምሳ በላችሁ?» ቢል «አይ ጭካኔ» እንዳትሉት፤ ድንዛዜ ነው፣ እንባው ከሰዓታት አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይመጣል። ራሱን ከሳተ በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ። ሁሉ ውሃ ይዞ ይሮጣል! አፉ ውስጥ አታንቆርቁሩ፣ ትንታ ወደ ሳንባ ይወስደዋል። በደቂቃ ካልነቃ ወይም ደረቴን ካለ ሐኪም ቤት ነው፤ ድንጋጤ የልብን ጡንቻ ለጊዜው ሊያደክም ይችላል።

የእድር ጸሐፊ፦ እታለም፣ የአገር ልጅ እስኪገኝ ፌስቡኩ ይቀድማል። ሻማ ያለበት ፎቶ ሬሳው ሳይገነዝ ይለጠፋል።

ነርስ፦ ለዚያማ ደንብ አውጡ እንጂ።

የእድር ጸሐፊ፦ ለቀጣዩ ስብሰባ ይቀርባል፤ ልጆች ሳይረዱ የለጠፈ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ።