የጉድጓዱን ብር ለባላ እንጨት?

የመቂ ልጅ፦ ኮሚቴው ትናንት ያለውን ሰማችሁ? የቁፋሮውን ቦታ የሚመርጥልን ባላ እንጨት ይዞ የሚዞር ሰውዬ ነው። «ውሃ ያለበት ሲደርስ እንጨቱ ይሰግዳል» ይሉናል! ለዚህ ነው የምናዋጣው?

ዋሴ፦ ምን ያሾፍሃል? ስሪላንካ ውስጥ ጀርመን በረዳው ፕሮጀክት በዚሁ ዘዴ 691 ጉድጓድ ተቆፍሮ 96 በመቶው ውሃ ሰጥቷል። የሙኒኩ ፊዚሲስት ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1995 ጽፎታል። 96!

ከርሰ ምድር፦ እዚያው ሰፈር እንጨት ሳይያዝ በዘፈቀደ ቢቆፈርስ ስንት ይገኝ ነበር? እሱን ሳታውቅ 96 ምን ያደርግልሃል? እ.ኤ.አ. በ1990 ጀርመን ካስል ከተማ 30 ባለ እንጨት ውሃ ጠቋሚዎች ተፈትነዋል። 50 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ በተቀበረ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ውሃው ይፈሳል ወይስ አይፈስም፣ በቃ። ፈተናው ልክ ነው ብለው አስቀድመው ተስማምተው ነበር። ውጤታቸው በግምት ከመመለስ አልተሻለም።

ዋሴ፦ ቱቦና የተፈጥሮ ውሃ አንድ ነው?

የመቂ ልጅ፦ ታዲያ ለምን ተስማሙ? ወይስ እንጨቱ ለፕላስቲክ አይሰግድም? ሃይማኖቱ ይከለክለው ይሆን?

እቴ ሸዋ፦ ኧረ ሃይማኖት ውስጥ አትግባ።

ከርሰ ምድር፦ ሰውዬው ዋሾ ነው አልወጣኝም። ባላውን በሁለት እጁ ወጥሮ ሲይዘው አንጓው ትንሽ ከዞረ እንጨቱ ቁልቁል ይላል፤ ራሱም ሳይታወቀው። እሺ፣ ይስገድ እንበል። ስንት ሜትር ላይ? በሰከንድ ስንት ሊትር? ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይዱስ? ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የልጆቹ ጥርስ የሚበልዘው ውሃ ጠፍቶ ነው እንዴ? የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እንጨትህ ይለካዋል?

ዋሴ፦ ባለፈው በመሣሪያ ተለክቶ የተቆፈረው ደረቅ ጉድጓድስ? ሪጉ (የቁፋሮ ማሽኑ) ሄደ፣ ብሩም ቀለጠ። ያኔ ሳይንስ የት ነበር?

ከርሰ ምድር፦ ባለሙያው ችካል የተከለበት መቼ ተቆፈረና! ሪጉ አይገባም ተብሎ ወደ መንገዱ ተጠጋ።

ዋሴ፦ ማን አስጠጋው?

እቴ ሸዋ፦ ኮሚቴው ነዋ። አንተም ነበርክበት።

ዋሴ፦ እኔ የፈረምኩት ነገር የለም። መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ደግሞ አይጠይቀኝም።

የመቂ ልጅ፦ ለእኔ ነው? ደረሰኜን ልለጥፈው? ያንተንም ለጥፍ።

ዋሴ፦ መጀመሪያ ስለ 96ቱ መልሱልኝ።